አንደኛ ስለወጣው ዘፈንህ

ውድ እጮኛዬ የነበርክ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ስለሚባል ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ዘፈንህ በሬዲዮው የሳምንቱ ሰንጠረዥ አንደኛ ከወጣ ዛሬ አሥራ አንድ ሳምንቱ ነው። እንኳን ደስ አለህ። ታክሲ ውስጥ እሱ፣ ፀጉር ቤት እሱ፣ ጥርሴን ላስነቅል ሄጄ እንኳ አፌን ከፍቼ የሰማሁት እሱኑ ነው። ሐኪሙ አብሮ ያንጎራጉራል። ምን ልበለው፣ እጁን አፌ ውስጥ ከቶ?

ዜማው ያምራል። አያምርም ብልህ ውሸታም እሆናለሁ፤ ለሁለታችን ደግሞ አንድ ውሸታም ይበቃል። አንድ ቀን ጨርቅ ስቀድ ሳላስበው እያንጎራጎርኩት ደረስኩበትና መቀሱን ወርውሬ ተነሳሁ።

ግን አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? በዘፈንህ ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ የጠበቅከኝ አንተ ነህ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ዝናቡንስ ከየት አመጣኸው? ያን ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። በገዛ እጄ የሰፋሁትን ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ አክስቴን ለምስክርነት ይዤ፣ አራተኛ ፎቅ የጋብቻ መዝገብ ክፍል በር ላይ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ሰዓት የተገተርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ጸሐፊዋ ስማችንን ሦስት ጊዜ ጠራች። አክስቴ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል፣ ስልኩ ሞቶበት ይሆናል እያለች ታጽናናኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፅህን የሰማሁት በአራት ዓመቱ፣ በሬዲዮ ነው።

ይህንንም ችዬ ዝም ብዬ ነበር። እንጀራዬ ላይ እስክትመጣ ድረስ። የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ መሆኔን ታውቃለህ፤ ሰፈርተኛው ደግሞ የማን እጮኛ እንደነበርኩ ያውቃል። እና አሁን ስሜ «ጨካኟ» ሆኗል፤ ከዘፈንህ ነው ያወጡልኝ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ሙሽራ ቀሚሷ ተሰፍቶ ጫፉን ማጠፍ ብቻ ሲቀረኝ እናቷን ላከችብኝ። እናትየዋ ጨዋ ሴት ናቸው፤ ዓይኔን ማየት አቅቷቸው መጋረጃውን እያዩ ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ እንዳትቀየሚን። እጮኛዋን አስጠብቃ የቀረች ሴት የሰፋችውን ለብሼ አልዳርም ብላለች።»

ቀሚሱን አጥፌ ሰጠኋቸው። ከዘፈንህ ወዲህ ይህች ሦስተኛዋ ናት።

እሑድ ደግሞ ሬዲዮ ላይ ቀረብክ። ጋዜጠኛዋ ስለዚያች ሴት ስትጠይቅህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ይቅር ብያታለሁ» አልክ። እኔን ነው ይቅር ያልከው። እየተኮስኩ ነበር፤ ካውያውን የሰው ቀሚስ ላይ ረስቼው ቀረሁ።

ከዚያ ዘፈኑን ከፈቱት። ሰው ሁሉ የወደደልህ መጨረሻ ላይ ያለውን ነው፤ ጫማህን በእጅህ ይዘህ በኋላ ደረጃ የወረድክበትን። በኮንሰርትህ ላይ ሕዝቡ ጫማውን አውልቆ ወደ ላይ ያነሳል አሉ። እኔ ያን ቀን በባዶ እግሬ ስወርድ አክስቴ አይታኝ የነገረችህ፣ አንተም የእኔን ጫማ ለራስህ ያደረግከው መስሎኝ በሆዴ ስረግማት ነበር። ያን ዕለት ግን አላስችል አለኝና ደውዬ ጠየቅኳት።

«የምን ጫማ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እሷ ታክሲ ልትይዝ በፊት ለፊቱ በር ወርዳለች። እኔ ሰው እንዳያየኝ ብዬ በኋላ ደረጃ ሄድኩ፤ ተረከዜን ስለላጠኝ ጫማውን አውልቄ በእጄ ያዝኩት። ደረጃው ላይ ማንም አልነበረም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእናቴም ቢሆን።

መጥተህ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ቀረ እያልኩ ሳማህ፣ አንተ ለካ መጥተህ፣ አንዱ ጥግ ቆመህ፣ በባዶ እግሬ ስወርድ እያየኸኝ ነበር። «ቆዪ» ማለት አቃተህ። አንዲት ቃል። ያየኸውን ግን አልጣልከውም፤ ቋጥረህ አስቀምጠህ ዘፈንከው። ብትቀር ይሻለኝ ነበር። ለቀረ ሰው ምክንያት ይፈለግለታል፤ እኔም ስንቱን ፈልጌልህ ነበር።

የፊታችን እሑድ ለአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ትቀርባለህ አሉ። ይቅርታህን መልሰህ ውሰድ። ስሜን መጥራት የለብህም፤ የጠበቀችው እሷ ናት፣ የቀረሁት እኔ ነኝ በል፤ ይበቃኛል። ሙሽሮቼ ይሰሙሃል። ካላልክ ግን የአድማጮች መስመር ክፍት ነው፤ እደውላለሁ። አልሰድብህም፣ አላለቅስምም። ሕዝብ እየሰማ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ፤ የት ጋ ቆመህ ነበር?

ጫማዋን በእጇ ይዛ የወረደችው
ልብስ ሰፊዋ