የደጀን አዳር

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለክንዱ፤ ካለህበት ከዓረብ አገር፣ ከደማም።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? አብረውህ የሚያድሩት የወሎ ልጆች ደህና ናቸው? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ከመኪናው ስትወርድ እንደ ሽማግሌ ደግፉኝ ትላለህ? እኛ አቡነ ዘርዓ ብሩክ በጸሎታቸው ጠብቀውን ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። በቆሎው ተሰብስቦ ገብቷል፤ ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው፤ መንገዱም ሰሞኑን ሰላም ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክማ ገና አፌን ስከፍት «ተዪኝ እባክሽ» ብለህ ዘጋህብኝ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ለእረፍት መጥቶ የሰነበተው የሽንዲው ጌታሁን ሊመለስ ስለሆነ በእጁ ልኬልሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ማካሮኒ ፋብሪካው እንደተወን ሰምተሃል። ከመኪኖቻችን አብዛኞቹ የሚጭኑት ለእሱ ነበርና ቤታችን መናጋቱ አልቀረም። አንተም «ዋጋውን ዝቅ አድርጋችሁ ፈርሙ ብዬ ነበር፤ እማዬ በእልኋ ድርጅቱን አፈረሰችው» ብለህ ከተቆጣህ ወዲህ ደውለህላት አታውቅም። እኔም መጀመሪያ ካንተ ጋር ነበርሁ። ቢሮ ተቀምጬ መኪና የማሰማራው እኔ ነኝና የሚመጣው ታይቶኝ ነበር። እስቲ የሆነውን ልንገርህና ከዚያ ፍረድ።

ውሉ የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ የፋብሪካው የግዢ ኃላፊ ናሁሰናይ ጠራን። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ ከበላዩ ያሉት ዋጋ አስቀንስ ብለውታል። ሌላ ድርጅት በርካሽ እጭናለሁ እንዳለው ነገረንና፣ የእኛን ዋጋ አንድ በአንድ ሲያይ ቆይቶ ጣቱን የደጀን አዳር ላይ አሳረፈ። መቼም ታውቀዋለህ፤ የእኛ መኪና ከቡሬ ጭኖ አዲስ አበባ ሲሄድ ደጀን ያድራል። ሹፌሩ አልጋ ይዞ፣ እራቱን በልቶ ይተኛና የዓባይን በረሃ በማግስቱ በብርሃን ይወርዳል። እማዬ አንድ ጊዜ ከሹፌራችን ከያረጋል ጎን ተቀምጣ ያንን ቁልቁለት በጨለማ ወርዳ ከመጣች ጀምሮ ያወጣችው ሕግ ነው። ናሁሰናይ «ይህን አዳር አውጡት፤ ጭነቱ በአንድ ቀን ይድረስልኝ፤ ዋጋውም እዚያው ይስተካከላል» አለ። እማዬም «ከትርፌ ቀንስልኝ ካልህ እንነጋገር፤ ይህን ግን አልነካም» ብላ ተነሣች።

አሁን የሚያስቀው ይመጣል። ናሁሰናይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከባት። ለጋብቻና ለደም እንጂ ለጭነት ዋጋ ሽማግሌ ሲላክ አይተህ ታውቃለህ? እማዬ ሽማግሌ እንደማትመልስ አገር ያውቃል፤ እሱም ይህንኑ አስቦ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ የንስሐ አባታችንን መምሬ ገብረሰንበትን አስቀድመው ግቢያችን ገቡ። «አረፍ በሉ» ስትላቸው «እሺ ሳትዪን አንቀመጥም» አሉ። ደንቡ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው መምሬ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። እኔም በልቤ በቃ፣ ትፈርማለች አልሁ። ልዋሽህ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እማዬ ምን ያደረገች ይመስልሃል? ነጠላዋን አደግድጋ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «እናንተ ቆማችሁ እኔ አልቀመጥም፤ እሺ ግን አልልም» አለች። ፀሐዩ ከረረ። ያቀረብሁት ጠላ ሳይነካ ቀረ። ማንም ፈቀቅ የሚል ጠፋ። በኋላ አንዱ ሽማግሌ ሰልችቷቸው «ባንቺአየሁ፣ እንጀራሽን በእግርሽ አትግፊ» ሲሏት፣ ለእሳቸው ሳትመልስ ወደ መምሬ ዞረች። «አባቴ፣ እርስዎ ይንገሩኝ» አለቻቸው፤ «ያረጋል እንቅልፍ እያዳፋው ገደል ገብቶ ቢቀር፣ ለሚስቱ መርዶውን እርስዎ ይነግሩልኛል?»

መምሬ ከኋላቸው ያለውን አግዳሚ በእጃቸው ዳብሰው ቁጭ አሉ። የንስሐ አባታችን ሲቀመጡ ሌሎቹም እየተያዩ ተቀመጡ። ልመናው በዚያው ቀረ፤ ጠላውም ተጠጣ።

ክንዱዬ፣ በእማዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እኔ ሳስብ የነበረው መኪኖቹ ጎማቸው ሥር ሣር በቅሎ ሲቆሙ ነው፤ እሷ ደግሞ የያረጋልን ሚስት ታስብ ነበር። እውነቴን ነው የምልህ፣ አፈርሁም፣ ደስም አለኝ።

ፋብሪካው ግን ሄደ። አልሸሽግህም፣ ኑሮው ከብዶናል። እማዬ አዲሱን መኪናዋን ሸጠች፤ ያንተ ላብ ያለበትን ግን «የልጄ ነው» ብላ ማንንም አላስነካችም። ሹፌርም አላሰናበተችም። ሽንዲና ጅጋ እየተመላለሰች በርበሬና በቆሎ የሚያስጭኑ ነጋዴዎችን ደጅ ትጠናለች። ጭነቱ ትንሽ ነው፣ ይቆራረጣል፤ ቢሆንም የኛ ልጆች ዛሬም ደጀን ያድራሉ። ባለፈው ሳምንት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ናሁሰናይ። እህቱን ሊድር ነውና የሙሽራዋን ዕቃ ከእነ ሚዜዎቿ አዲስ አበባ የሚያደርስ መኪና ፈልጎ ነው። ነገር ፈልጌ «የእኛ መኪና እኮ ደጀን ያድራል» ብለው፣ አንገቱን ደፍቶ «እንዲያድር ብዬ ነው የመጣሁት» አለኝ።

አክስታችን ወለተ ሐና እግሬን ትንሽ ተሽሎኛል፣ ሳልሞት ና ብላሃለች። ልጄ ፀደንያ በክፍሌ አንደኛ ወጥቻለሁ በዪልኝ ብላለች፤ ውሸቷን ነው። ያረጋል ሰላም ብሎሃል፤ መኪናህን እንደ ዓይኑ ብሌን ይዞልሃል። መምሬም በጸሎት እንደሚያስቡህ ንገሪልኝ ብለዋል።

እማዬ ሰላምታ አልላከችም። ስጽፍ አጠገቤ ነበረች፤ ምን ልበልልሽ ብላት «እሱ ተቆጥቶኛል፣ ተዪው» ብላ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመችና «አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ» አለችኝ። «እዚያ አገር በሌሊት ያስነዱታል ወይ? እንቅልፍ ሲጥለው መኪናውን የሚያቆምበት ቦታስ አለው ወይ?»

ይህን ለእኔ አትመልስልኝ፤ ለእሷ ደውልላት።

እህትህ ያምሮት
ቡሬ፣ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.