ዳማ አይንተባተብም

ውድ ጋሽ በዛብህ፣

ይህን ከእንጅባራ የምጽፍልዎ ዳንግላ አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩኝ ፍቅርአዲስ ነኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ እትዬ በቀለችስ እንዴት ከረሙ? ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ስልክ ቁጥርዎ አለኝ፤ ግን ድምፅዎን ስሰማ ሌላ ሌላውን አውርቼ እንደምዘጋ ስለማውቅ ወረቀት ያዝሁ።

ከቡኒ ካልሲ የተሰፋው ፈረስ፣ ዳማ፣ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ዓይኖቹ የኮት ቁልፎች፣ ጋማው ጥቁር ክር። እርስዎ ስም ሲጠሩ ምላስዎ ይያዝ ነበር፤ የእኔን ስም «ፍ» ላይ ቆመው እስኪያወጡት እኔ አስቀድሜ እጄን አወጣ ነበር። ከዚያ ዳማ እጅዎ ላይ ሆኖ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ይልና ፊደል ያስቆጥረናል፤ ከገጠር ለመጡት ልጆች በአገውኛ ይቀልድላቸዋል። ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም። የእኔ የልጆች ፕሮግራም ዳማ ነበር።

በ2007 ዓ.ም. እኔና የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ደሴ በድራማ ክበባችን አንድ ቀልድ ሠራን። የቴሌቪዥን የልጆች ትምህርት አስመስለን ለአዋቂ የምናቀርበው ነበር። የፍሪጅ ካርቶን ቆርጠን ቴሌቪዥን አደረግነው። ደሴ በካርቶኑ መስኮት ብቅ ብሎ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲል፣ አዳራሹን የሞላው ሽበታምና መላጣ ሁሉ አንድ ላይ «አብሮ ይስጥልን» ይላል። «የዛሬው ፊደል ‹ነ› ነው። ‹ነ›፣ ነገ ይመለሱ። ቀጥሎ ‹ስ›። ‹ስ›፣ ስብሰባ ላይ ናቸው።» ከዚያ ቅርብና ሩቅን እናስተምራለን። «አባወራው ለጠጅ ቤቱ ቅርብ ነው። ልጆች፣ ሩቅ የሆነው ለማን ነው?» ሴቶቹ ከወንዶቹ ቀድመው «ለሚስቱ» ይላሉ።

ፊደሉን የሚያስቆጥረው እኔ እጅ ላይ ያለ የካልሲ ፈረስ ነበር። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ፈረሱን አንተባተብሁት። «ነ... ነ... ነገ ይመ... ይመለሱ።» ደሴ ሆዱን ይዞ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ከራሴ» አልሁት።

ሁለተኛውን ጊዜ ያቀረብነው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተማሪዎ መድረክ ላይ ወጣች ሲባል ሰምተው፣ እትዬ በቀለችን ይዘው ከዳንግላ በሚኒባስ መጥተው ኖሯል። ልጀምር ስል በካርቶኑ ቀዳዳ አየኋችሁ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እርስዎ ያንን ግራጫ ኮት ለብሰው።

ጋሼ፣ የምናዘዘው እዚህ ላይ ነው። መንተባተቡን መተው እችል ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ነበረኝ። ሰው ሞልቷል፣ የባለፈው ሳቅ ጆሮዬ ላይ ነበር። አሳዘኑኝና ተውሁት ብዬ ልጽፍልዎ አልችልም። ከበፊቱ አብልጬ አንተባተብሁት። አዳራሹ ፈነዳ። እርስዎ ከፈረሱ ላይ ዓይንዎን አላነሡም። እትዬ በቀለች ነጠላቸውን አነሡና ፊታቸውን ሸፈኑ። ካርቶኑን ስናፈርስ ወንበራችሁ ባዶ ነበር።

በማግሥቱ ቢሮዬ መጡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ወለሉን ወለሉን አየሁ። እርስዎ ግን ተቀምጠው፣ ትንፋሽዎን ሰብስበው፣

«ፍ... ፍቅርአዲስ፣ አንድ ነገር ተ... ተሳስተሻል። ዳማ አይንተባተብም» አሉኝ።

ከኮትዎ ኪስ አወጡት። ጋማው ሳስቷል፣ አንዱ ዓይኑ በሌላ ቁልፍ ተተክቷል። እጅዎ ላይ አጠለቁትና በዳማ ድምፅ፣ አንድም ቦታ ሳይያዙ ነገሩኝ። በመጀመሪያው ዓመት ልጆቹ ስለሳቁብዎ ዳይሬክተሩ ከክፍል አውጥቶ ንብረት ክፍል ሊያስገባዎ እንደነበር። እትዬ በቀለች አንድ ማታ የራስዎን ካልሲ ፈረስ አድርገው ሰፍተው «በእሱ ተናገር እስቲ» እንዳሉዎ። በዚያ ካልሲ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳስተማሩ። እኔ የሰፉት እርስዎ ይመስለኝ ነበር።

«ሰው ቢስቅ አይከፋኝም» አለኝ ዳማ። «ልጆችም ሲስቁ ነው ያነበቡት። ግን እሷ የሰፋችልኝ እንዳልንተባተብበት ነው።»

እኔ ምን አልሁ? «ሻይ ላስመጣልዎ?» አልሁ። ዳማን አጥፈው ኪስዎ ከተቱና «ሥራ አለሽ ልጄ» ብለው ወጡ። እስከ በሩ እንኳ አልሸኘሁዎትም።

ከዚያ ወዲያ ፈረሱን ቀጥ አድርጌ አናገርሁት። ሳቁ ቀነሰ፣ አልዋሽዎትም። ደሴ አኮረፈ፤ ቢሆንም ችሎ አብሮኝ ሠራ። ባለፈው ወር ግን ለቴሌቪዥን የበዓል ፕሮግራም ሊቀርጹን ከባሕር ዳር ሁለት ሰዎች መጡ። የዚያን እሑድ ትርኢት አንድ ሰው በስልክ ቀርጾት ኖሮ እሱን አይተዋል።

«የሚንተባተበውን ፈረስ ነው የምንፈልገው» አሉ።

«እሱን አልሠራውም» አልኋቸው።

ደሴ ወደ ውጭ ጠራኝ። «አገር ሙሉ ሊያየን ነው። አንድ ሽማግሌ ይከፋዋል ብለሽ ነው?»

«እሳቸው አልከፋቸውም። እኔን ነው የከፋኝ።»

ሰዎቹ የሌላ ቡድን ጭፈራ ቀርጸው ሄዱ። ደሴ እስካሁን ሰላም አይለኝም። ይህን የነገርሁዎ ውለታ እንዲሆንብዎ አይደለም፤ እምቢ ማለት ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ያን ዕለትም እችል እንደነበር ገብቶኝ ነው። ሌሊት የሚያገላብጠኝ ይኸው ነው።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ በዛብህ። በወረቀት ብቻ አልተወውም፤ የፊታችን ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ዳንግላ እመጣለሁ። ምንም አይዘጋጅ። ለእትዬ በቀለች ግን መምጣቴን አይንገሩብኝ። ነጠላቸውን ሳይሸፋፈኑ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ልነግራቸው እፈልጋለሁ።

ተማሪዎ
ፍቅርአዲስ
እንጅባራ፣ ኅዳር 2010 ዓ.ም.