የሐምሌ ዝናብ ላዳክ አይደርስም

ለልጅ ልጄ ለዲስኪት፤ በደረስሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። ለንደን እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን። ላማችን ወልዳለች፤ አያትሽም እኔን መስደብ አልተወችም።

«ሐምሌ ሕንድ ዝናብ ስለሆነ በታኅሣሥ እመጣለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። አይ አንቺ፣ ቱሪስት ሆነሽ አረፍሽው! ዝናቡ መቼ ነው ተራራውን ተሻግሮ ላዳክ እኛ ጋ የደረሰው? ታኅሣሥ ለዴልሂ ደግ ነው፤ እዚህ ግን መንገዱ በበረዶ ይዘጋል፣ ውሃው ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። በሐምሌ የአፕሪኮቱ ፍሬ ይበስላል።

አያትሽ «ተዋት፣ ሥራ ይዟት ነው፤ እስከ ታኅሣሥ እጠብቃታለሁ» ትላለች። አትመኛት። ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ጎረቤቶቿን በድምፅ መለየት ጀምራለች።

ቡድሃ መንገድሽን ያቅናልሽ። እባክሽ በሐምሌ ነይ። እኔንስ ባታየኝ ትገላገላለች፤ አንቺን ግን ጠግባ ትይሽ።

ወንድ አያትሽ ኖርቡ