ብብቱ ላይ ያለው ክር

ቆቦ፣ ሐሙስ፣ ጥር 22 ቀን 2017

ዛሬ የአንድ የዋጃ ገበሬ ሱሪ እያሳጠርኩ ስልኬ ጮኸ። ከልጄ መስሎኝ ነበር። የአየር ኃይል ልብስ ሰፊ እንደነበርኩ የሰማ አንድ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። በቴሌግራም የሚሸጥ የድሮ አብራሪ ጃኬት ፎቶ ልኮ፣ «ጋሼ፣ የብብቱ ክር የፋብሪካ አይመስልም። ፎርጅድ ነው አይደል?» ይላል።

ክሩን አወቅኩት። ደብረ ዘይት ሳለን ክር ቢያልቅብን ከተቀደደ ፓራሹት መዝዤ፣ ነጭነቱ እንዳይታይ ሻይ ውስጥ ነክሬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጃኬቱ እውነተኛ ነው አልኩት።

«ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ?» ብሎ ጻፈ።

በስፌት ክፍሉ አምስት ነበርን። የአራቱንም መርዶ እዚሁ ቆቦ ሆኜ ሰምቻለሁ።

«የለም» ብዬ ጻፍኩለትና ወደ ገበሬው ሱሪ ተመለስኩ።