ከሞምባሳ የመጣው ባርኔጣ

ሐምሌ 9 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ስቶክዌል፣ ለንደን

ለመላው ስቶክዌል ይታወቅልኝ፦ ከዛሬ ጀምሮ የሰሌን ባርኔጣ ባለቤት ሆኛለሁ። ያመጣችልኝ የልጅ ልጄ ሳራ ናት፤ ለሆሊደይ ሞምባሳ ሄዳ ነበር። በስደት ዘመን እኔና አያቷ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የኖርነው እዚያው ባሕር ዳር ነው። መረብ አብሮ ለጎተተ ሁሉ፣ ለባዕድም ቢሆን፣ ከዓሣው ይደርሰው ነበር። እኛም የበላነው እሱን ነው።

«ዓሣ አጥማጆቹስ?» አልኳት።

«አባባ፣ የባሕሩ ቢች እኮ አሁን የሆቴሉ ነው። ይሄ ከሌለዎት ያስወጡዎታል» አለች፣ እጇ ላይ የቀረውን የሆቴል አምባር እያሳየችኝ። «አንድ ሽማግሌ መረቡን እንደያዘ ሲያባርሩት አየሁ።»

«ቢያስገቡትስ መረቡን ማን ይጎትትለታል? እናንተ እንደሆነ ተጋድማችሁ ፀሐይ ትሞቃላችሁ!» ብዬ ሳቅሁ።

ሳቁ ግን አሁን ስጽፍ የጨመርኩት ፈጠራ ነው። ባርኔጣውን ዓይኔ ላይ ደፋሁት እንጂ አልሳቅሁም።