ቸርኬው ላይ ያልያዘው እርሳስ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ አላስተኛ ያለህ ሳልስ ለቀቀህ? እማዬ መድኃኒቷን ሳታጉረመርም ትውጣለች? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር በጤና አለን። በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ከጎንህ ሆና ሁሉን ስለምትሰማ ነው። ይህን ለብቻህ አንብበው። ፈርቻለሁ አባዬ።

አንተ በምትነዳበት ዘመን ጎማ ሲሽከረከር መሪ እንዳያንቀጠቅጥ ባላንስ ሲደረግ፣ ማመዛዘኛው እርሳስ በመዶሻ እየተመታ ጎማው የሚገባበትን ብረት፣ የቸርኬውን ጠርዝ እንዲነክስ ይደረግ ነበር። እኛ የምንጠቀመው ከቸርኬው ውስጥ እንደ ፕላስተር የሚለጠፈውን ነው። ሥራው ቀላል፣ ጣጣው ብዙ። አለቃዬ ደግሞ መኪና ሳያብረቀርቅ ከደጄ አይወጣም ባይ ነው፤ ስለዚህ ቸርኬውን መጀመሪያ በማብሪያ ቅባት እንወለውልና ከዚያ እርሳሱን እንለጥፋለን። ቅባት ላይ ምንም እንደማይጣበቅ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ እኛ ግን ከለመድነው ወዲህ ልብ ብለነው አናውቅም። ባላንሱን የሚለካው ማሽን ዜሮ ካለ ጨርሰናል ማለት ነው። ማሽን ምን አለበት፣ ሚስት የለው።

ባለቤቴ የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኞቹን በሚኒባስ ያመላልሳል። የዚያን ሚኒባስ የፊት ጎማዎች ባለፈው ሳምንት የሠራሁት እኔ ነኝ። ትናንት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ቁልቁለቱ ላይ መሪው የሾፌሩን እጅ እንደ ወባ በሽተኛ አንቀጠቀጠው፣ እኛ ሴቶቹም ወንበር ጨበጥን አለችኝ። ያ ቅባት ትዝ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት አሞኛል ብለሽ ቅሪ አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና፣ እኔ ከቀረሁ ወንበሬን የምትይዘው ያቺ ቆማ የምትሄደው ነፍሰ ጡር ናት፣ እሷስ ትሙት ወይ አለችኝ። መኪናው ሲደርስ ጎንበስ ብዬ እጄን ከቸርኬው ውስጥ ሰደድኩ። ከእርሳሱ አንድም የለም፤ ጣቴ ላይ ቅባት ብቻ ቀረ። ሾፌሩን አቁም ስለው ሰዓት አለፈብኝ ብሎ ይዟት ሄደ።

ለአለቃዬ ስነግረው፣ እርሳስ ወድቆ የተገለበጠ መኪና አላየሁም፣ ወሬ አታብዛ፣ ስማችንን ታጠፋለህ አለኝ። እውነቱን ይሆናል። ግን ቁልቁለቱ ያለው በመልሱ መንገድ ላይ ነው፤ ሾፌሩም እግሩ ነዳጁ ላይ ከባድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰዓት እያየሁ ነው የዋልኩት። አንተ እዚህ አጠገቤ ብትሆን አንድ ነገር ትለኝ ነበር።

አሁን አለቃዬን ሳላስፈቅድ ወደ ፋብሪካው በር ልሄድ ነው። ሾፌሩ ሰው ሳይጭን መኪናውን ወደ ጎማ ቤት ካመጣልኝ፣ ቸርኬውን በቤንዚን ጠርጌ፣ አድርቄ እንደገና እሠራዋለሁ። ከሥራ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። ሾፌሩ እምቢ ካለ ግን ወንበር ባይኖርም ከባለቤቴ አጠገብ ቆሜ ቁልቁለቱን አብሬያት እወርዳለሁ።

ታናሽ እህቴን ሳምልኝ፤ ትምህርቷን እንዳትዘነጋ። አጎቴን ወገቡን አደራ በለው፣ ሸክም ይቀንስ። ለጎረቤታችን ለእትዬ እጅ ነሥቻለሁ። ለእማዬ ሁለቱም ደህና ናቸው በልልኝ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ እግዜር ውሸታም አያድርግህ።

ልጅህ
ከጎማ ቤቱ፣ ጥቅምት ፲፯ ቀን