ኢንግሪድን ይዤ ለቅሶ ቤት

ማክሰኞ፣ ማርች 7 ቀን 2006፣ ፓራዳይዝ

በዚህ ሕንፃ ውስጥ ቆመው የሚያናግሩኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሽማግሌው ሚስተር አርተር፣ በርሊን የተወለዱ አይሁዳዊ ናቸው፤ ወላጆቻቸውን ናዚዎች ገድለውባቸዋል። አገር ቤት ጋዜጠኛ እንደነበርኩ ስለነገርኳቸው ጋዜጠኛው ይሉኛል። ሁለተኛዋ ላይኛው ፎቅ የምትኖረው ጀርመናዊቷ ኢንግሪድ ናት። እሷ የተወለደችው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

የሚስተር አርተር ባለቤት እሑድ ተቀበሩ። ዛሬ ከሺፍት ስመለስ ኢንግሪድ የጋገረችውን ኬክ ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች።

"ብገባ ይከፋቸው ይሆን?" አለችኝ።

እኛ ዘንድ ለቅሶ የደረሰን ሰው ማን ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። "ነይ፣ አብረን እንግባ" አልኳት።

ሚስተር አርተር እንደ አይሁድ የሐዘን ደንብ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ኢንግሪድ "በጣም አዝናለሁ" ስትላቸው አነጋገሯን ሰምተው ቀና አሉ።

"ከየት ነሽ?"

"ከሀምቡርግ።"

ቀስ ብለው ተነሡ፤ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ኢንግሪድ ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወጣች። እኔ ቀረሁ። ሴት ልጃቸው አባቷ ዘንድ ገብታ ተመለሰችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋዜጠኛው ነገም ይምጣ፣ ግን ብቻውን ይሁን ብሏል" አለችኝ።

ኢንግሪድ ደረጃው ላይ እየጠበቀችኝ ነበር።

"ምን አሉ?"

ሰው የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ስጽፍ ነው ያረጀሁት።

"ደክሟቸዋል" አልኳት።

"እንግዲያው ነገ አብረን እንመለሳለን" አለች።

እሺ አልኳት።